የታጠበ ብር ሲሸጥ «ታጥቧል» ይባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት) እና የምኒልክ ብር ሲወጡ ዋጋና ስልክ ቁጥር ይኖራቸዋል። ብሩ ታጥቦ እንደሆነ ግን አንድም ቃል አይጻፍም። ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በአሲድ ወይም በሞተር ብሩሽ የተነካ ብር ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከአያቱ የወረሰውን ብር ይዞ የመጣ ሰው «ይሄማ ታጥቧል፣ በሚዛን ካልሆነ አልወስድም» ይባላል። ያው ብር በሳምንቱ መስታወት ሥር «ምንም ያልተነካ፣ እንደ አዲስ» ተብሎ ይቀመጣል። ሲገዙ የሚታይ እጥበት ሲሸጡ የማይታይበት ምክንያት የለም።

ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለው የድኝ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቁሩ ሽፋን የተሠራው ከራሱ ከሳንቲሙ ብር ስለሆነ፣ ሽፋኑን ያነሳ ሰው ሁሉ ከብሩም አንስቷል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ሳንቲም በማተሚያ ሲመታ ብረቱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚፈስ ለዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ይቀሩበታል። ያልተነካ ሳንቲም በአንድ አምፖል ሥር ዘንበል አድርገው ሲያዞሩት ብርሃኑ አብሮ የሚዞረው በእነዚህ መስመሮች ምክንያት ነው። መንከሪያ አሲድ በየጊዜው ሲደጋገም መስመሮቹን ያሟሟቸዋል። ከዚያ በኋላ ብሩ ነጭ ይሆናል፣ ብርሃኑ ግን አይዞርም። የጠፋውን የሚመልስ ዘዴ የለም።

የቤት ውስጥ ዘዴዎችም ከዚህ አይሻሉም። ሎሚ በአመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉም ይፍቃሉ። በረኪና ደግሞ ብሩን በክሎሪን ስለሚያጠቃው በሳሙና የማይለቅ ግራጫ ልባስ ያወጣበታል። አሉሚኒየም ፎይል፣ ቤኪንግ ሶዳና ሙቅ ውኃ ሳይፍቁ ጥቁሩን ይለውጡታል፤ ተመልሶ የሚቀመጠው ብር ግን ፈዛዛ ስለሆነ ባለሙያ ወዲያው ይለየዋል። ከሁሉ የከፋው የአንጥረኛው መንገድ ነው፦ በእሳት አግሎ ቀጭን አሲድ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ በሞተር መወልወል። ለመስቀል ወይም ለአንገት ጌጥ ተገቢ ሥራ ነው፤ ሳንቲምን ግን ገድሎ ያስረክባል።

ገዢው ራሱ ሊያየው የሚችለው ብዙ ነው። የሚያስፈልገው 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና አንድ ጠንከር ያለ አምፖል ብቻ ነው። የጣሪያ ነጭ ዘንግ መብራት ጭረትን ስለሚደብቅ አይጠቅምም። በእጅ በእጅ የተላለፈ ሳንቲም ጭረቱ ረጅምም አጭርም፣ በየአቅጣጫውም ነው። የተወለወለው ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ወይም ክብ እየሠሩ የሚዞሩ የፀጉር ያህል ጭረቶች በባዶው ሜዳ፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ በሌለበት ቦታ ላይ ይታዩበታል። የምኒልክን ብር የምትመረምሩ ከሆነ «ዳግማዊ» የሚለው ላይ ማ እና ዊን ቀረብ አድርጋችሁ እዩ። በእነዚህ ፊደላት ቀለበቶች ውስጥ ብሩሽ አይገባም፤ ውስጣቸው ጥቁር ሆኖ ዙሪያቸው በብሩህ ክበብ ከተከበበ ተወልውሏል። የሞተር ብሩሽ ያገኘው ከሆነ የፊደሉ ጠርዝ ላይ የተገፋ ብረት እንደ ከንፈር ተነሥቶ ይታያል። በጠገራ ብር ላይ ደግሞ የንስሩን የክንፍ ላባዎች መሃል እዩ፤ ነጭ ዱቄት ካለ የማጠቢያው ቅሪት ነው። የንግሥቲቱ ትከሻና ጉንጭ ከሜዳው እኩል የሚያብረቀርቅ ከሆነም ተጠራጠሩ፤ ብዙ እጅ የነካው ቦታ ፈዘዝ ማለት አለበትና።

ታጥቦ እንደገና የጠቆረም አለ። ድኝ ባለበት ፈሳሽ ነክረው ወይም በእሳት አሙቀው የሰጡት ቀለም ድንገት የሚጀምር፣ ወደ ጉድጓዶቹ የማይገባ፣ ጭረቱን ከላይ የሸፈነ ይሆናል። በዘመን የመጣ ቀለም ቢጫ ብሎ ወደ ቀይ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ ይሸጋገራል።

በእኛ አገር ከእጥበቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ አለ። ጠገራ ብር ለዘመናት የአንገት ጌጥ ስለነበረ ብዙዎቹ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው ወይም ተበስተው ኖረዋል። ማንጠልጠያው ሲነቀል አንጥረኛው ቦታውን በሞረድ ያስተካክልና ምልክቱ እንዳይታወቅ ሙሉውን ይወለውለዋል። ፊቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይታለላል፤ ጠርዙን የሚያይ አይታለልም። የጠገራ ብር ጠርዝ ላይ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ከፍ ብሎ የወጣ ጽሑፍ ዙሪያውን ይሄዳል። ብሩን በጠርዙ አቁማችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ባለው ቦታ ጽሑፉ ጠፍጠፍ ካለ ወይም ከተቋረጠ፣ የብየዳ ቢጫነትም ከታየ፣ ማንጠልጠያ ነበረው። የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ ዙሪያው ረገብ ይላል፤ መስመሮቹም በእጅ ስለተቀረጹ ከጎረቤታቸው ጋር አይገጥሙም።

ሚዛን ርካሹ ምስክር ነው። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የብሩ ጥራት ከ1000 እጅ 833 ነው። ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም ክብደቱ ከዚህ እኩል ሲሆን ጥራቱ 835 ነው። በመገልገል ከ0.2 እስከ 0.5 ግራም መጉደል የተለመደ ነው፤ 26 ግራም ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ክብደቱ ከገጠመም በውኃ ፈትኑት። ሚዛኑ ላይ በብርጭቆ ውኃ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉት፤ ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት። ከናስ የተሠራ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አስመስሎ 3.3 ያህል ያነባል። ክሩ ከተንጠለጠለበት ከለቀቀ ወይም አረፋ ከተለጠፈበት ንባቡ ይሳሳታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ማግኔት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ናስም በማግኔት አይሳብምና።

አንዳንድ ወርቅ ቤቶች ያለው የጨረር መመርመሪያ ማሽን የሚያነበው የላይኛውን ቀጭን ሽፋን ነው። ብር የተለበጠ ናስን ሊያሳልፍ ይችላል። በአሲድ የተቀቀለ ብር ላይ ደግሞ የላይኛው ሽፋን መዳብ ተሟሙቶ ስለሚወገድ ከ833 አልፎ 900 ሊያሳይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሻጩ «የበለጠ ንጹሕ ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምራል! ብር መለበጥ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። 1936 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበት የመዳቡ 25 ሳንቲም መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚመሳሰል እየተለበጠ በሃምሳ ሳንቲም ሲያልፍ ነበር። በኋላ ጠርዙ እንዲከረከም የተደረገው ለዚህ ነው። ያልተከረከመውና የተለበጠው ዛሬም ገበያ ላይ ይገኛል።

የዕድሜው ነገርም የታማኝነት ጉዳይ ነው። ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል እ.ኤ.አ. ቀን መኖሩ ያኔ ተመታ ማለት አይደለም። በዚያው ቀን ቪየና ለረጅም ዘመን ስትመታ ኖራለች፤ ሮም ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም መትተዋል። «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው» የሚል ሻጭ የትኛው ማተሚያ ቤት እንደመታው በምን እንዳወቀ ይንገረን። ካላወቀ የብሩ መነሻ ዋጋ ውስጡ ያለው 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነው፤ የዕለቱን የአንድ ግራም ዋጋ ማባዛት ብቻ ነው።

የባለሙያ አስተያየት ስትጠይቁ ብሩን ሊገዛችሁ የሚፈልገውን ሰው አትጠይቁ። ግምቱን የሚሰጠው ሰው «እኔ አልገዛውም» ብሎ ይጀምር፤ ክፍያውም ቁርጥ እንጂ ከዋጋው መቶኛ አይሁን። ለሁለት ሰዎች ለየብቻ አሳዩ፤ አንዱ ያለውን ለሌላው አትንገሩ፣ የተጠየቃችሁትን ዋጋም አትጥሩ። በፎቶ ብቻ «አልታጠበም» ብሎ የሚምል ሰው ባለሙያ አይደለም። ብርሃን የበዛበት ፎቶ የፀጉር ጭረትን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ብሩ በአንድ አምፖል ሥር ሲዘነብል የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን ጠይቁ። ቪዲዮውን የማይልክ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖች ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ለሚባሉት የደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ማስመርመር ይችላሉ። የታጠበውን ሳንቲም ሙሉ ደረጃ አይሰጡትም፤ «ዲቴይልስ» ብለው ምክንያቱን ይጽፉበታል። ሳንቲሙን አሽገው የሚመልሱበት ማሸጊያ ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ይጣራል፤ አስመስለው የተሠሩ ማሸጊያዎች ስላሉ ሳታጣሩ አትክፈሉ፣ ፎቶውንም ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ። ለተራ ጠገራ ብር የምርመራው ወጪ ከብሩ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል አያዋጣም። ለ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ወይም ብርሃኑ ላልጠፋበት አላድ (ግማሽ ብር) ግን ያዋጣል። ከአገር ቤት ለመላክ የምታስቡ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ። የአክሱም ዘመን ሳንቲም ያገኘ ደግሞ ሳያጥብ፣ አፈሩንም ሳይፍቅ ለባለሥልጣኑ ያሳውቅ። አንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ወርቅ ተለብጦባቸዋል፤ በጣት መፈተግ ያነሳዋል።

ቅባት ወይም የፕላስቲክ አረንጓዴ ዝቃጭ የያዘውን ብር የግድ ማጽዳት ካስፈለገ ንጹሕ አሴቶን ይበቃል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት አይሆንም። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ በተጣራ ውኃ አለቅልቁና በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያላችሁ አድርቁት። አትፈትጉት። አሴቶን ብሩንም ጥቁሩንም አይነካም። ካስቀመጣችሁም የጎማ ላስቲክ አትጠምጥሙበት፤ ጎማው ድኝ ስላለው ያጠቁረዋል።

ለጋዜጣው ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። የጥንት ሳንቲም ማስታወቂያ ስትቀበሉ አራት ነገር ይጻፍ፦ ክብደቱ በግራም፣ ማንጠልጠያ ወይም ቀዳዳ ነበረው ወይ፣ ታጥቧል ወይ፣ በስንት ቀን ውስጥ ይመለሳል። ይኸው በደረሰኙ ላይ ይደገም። «አላውቅም» ብሎ የሚጽፍ ሻጭም ይጻፍ፤ ገዢው ዋጋውን በዚያው ልክ ይቆርጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ