የአያቴ ቤት ሻወርም ኪችንም ችሏል

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ቤት ውስጥ ዲዛይን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከእናቴ ጋር ሆነን አነበብነው። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ሁሉም አዲስ አፓርታማ ነው። እናቴ መነጽሯን አውልቃ «እንደኛ ዓይነት ቤት ያለው ሰውስ ምን ያድርግ?» አለችኝ። እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ ይሄ ጥያቄዋ ነው።

የምንኖረው አቃቂ ነው፣ ከአሮጌው ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ። ባቡሩ አቃቂ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ነው፤ አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ 2 ዓመት ፈጅቶበታል። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ያሠሩት ቤት ምድሩ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ ነው። ዙሪያውን በረንዳ አለው። የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ ተመትቶበታል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የራስ ብሩን ቤት፣ ማለትም የአዲስ አበባ ሙዚየምን ያየ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። የእኛ በጣም ትንሹ ነው። አያቴ ትርፍ ቤት ስላልነበራቸው በ1967ቱ አዋጅ አልተወረሰም።

ምድሩን አክስቴ ይዛዋለች፣ ፎቁን እኔና እናቴ። የፈለግነው ብዙ አልነበረም። ሻወር፣ ንጹሕ ኪችን፣ እናቴ ሌሊት ደረጃ ሳትወርድ የምትሄድበት ሽንት ቤት።

መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። በ2011 አንድ ኮንትራክተር ቀጠርኩ። በስተሰሜን ያለውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው፣ ስቱኮ አደረገበት፣ ቀለም ቀባው። መስታወት መሰለ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ሁለት ክረምት አለፈ። ልስኑ ማበጥ ጀመረ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። በጥቅምት አንድ ጠዋት በር የሚያህለው ተገምሶ ወደቀ። ሥሩ ያለው ጭቃ እርጥብ ነበር። በጥቅምት! የአንዱ ቋሚ እግር በስብሶ በማንኪያ ይዛቅ ነበር።

የምርጊት ባለሙያ አፈላልጌ ገላን በኩል አገኘሁ። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አባት ናቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ልጄ፣ ጭቃ እኮ ያልበዋል። እናንተ ላስቲክ አለበሳችሁት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ከመሬትም ከዝናብም እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ሲደረብበት መውጫ ያጣል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው። እንጨትና ጭቃ በክረምት ያብጣሉ፣ በበጋ ይሸሻሉ፤ እሱ አብሯቸው አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና እዚያው ይቀራል።

ሲሚንቶውን ፈንቅለን አነሳን። የበሰበሱትን ቋሚዎች በጥድ ተካን። ጓሮ ላይ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦካን፣ 3 ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረበት፣ እየተረገጠ። ሽታው ለብቻው ነው። ሲበስል ግን እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ሁለት ጊዜ ተመረገ፤ የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ላዩ ኖራ ነው። ኖራውን ቀድመን በርሜል ውስጥ ውሃ አጠጥተን ለሳምንታት አቆየነው። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያቃጥላል፤ ይህን የምትሞክሩ ልጆች አታስጠጉ።

ከዚያ ወዲያ ዲዛይኑን ከውሃ ጀመርኩ። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ከጭቃው ይራቅ አልኩ። መታጠቢያውንና ሽንት ቤቱን በጓሮ በኩል፣ በራሱ መሠረትና በራሱ የብረት ምሰሶ ላይ አቆምነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ናት። ከቤቱ ጋር የምትገናኘው በበረንዳው በኩል ነው፤ በመሃላቸው 3 ጣት ክፍተት አለ። አዲሱና አሮጌው እኩል አይሰምጡም፤ ቢታሰሩ አንዱ ሌላውን ይቀድደዋል። በረንዳውን በመስታወት ስለጋረድነው እናቴን ብርድ አይመታትም። ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ አልቀበርንም፣ ሁሉም በውጭ ይሄዳል። ያምራል አልልም። ቢያፈስ ግን የዚያኑ ቀን አየዋለሁ።

ምጣዱም ወጣ። የእንጀራ እንፋሎት ለጭቃ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የድሮው ገመዳችን የተዘረጋው ለሁለት አምፖልና ለሬዲዮ ነበር። አሁን ከቆጣሪው በቀጥታ የራሱ ገመድና የራሱ ብሬከር አለው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 በእሳት ሲጎዳ በቴሌቪዥን ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። የእንጨት ቤት ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ በገንዘብ ያልተከራከርኩት በኤሌክትሪክ ሥራው ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። ኪችን ካቢኔት የሚሠራው ልጅ መጥቶ ግድግዳውን ከታች በኩል ብቻ ለካና ሄደ። ሠርቶ ሲያመጣው ከታች ልክ ነው፣ ከላይ ግን እጄን አስገብቼ አወጣለሁ። የድሮ ግድግዳ ቀጥ አይልም። ልጁ «ግድግዳውን በጂፕሰም እናስተካክለው» አለኝ። እንቢ አልኩ። ካቢኔቱን ቆርጦ እግር አወጣለት፤ አሁን ከግድግዳው አራት ጣት ርቆ ቆሟል፣ አየር በጀርባው ያልፋል። ቁም ሳጥኑም ሶፋውም እንደዚያው። ከባድ ነገር መስቀል ሲያስፈልግ ቋሚውን እያንኳኳን እንፈልጋለን፤ ድምፁ ድፍን ሲል እዚያ ነው። ጭቃው ላይ ግን ምስማር አንመታም። የመኝታ ቤቴን በር የገዛሁት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። በ2016 ፒያሳ ላይ ከፈረሱት ቤቶች ከአንዱ የመጣ ነው አለኝ። ከፍ ያለ፣ ሁለት ተካፋች በር ነው። ቤቱን ባላድነው በሩን ላኑረው ብዬ ገዛሁት።

ወለሉን ሴራሚክ አድርጊው ያላለኝ ሰው የለም። ለሴራሚክ ኮንክሪት መሙላት ያስፈልጋል። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በካሬ ሜትር 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሳሎናችን 20 ካሬ ነው። 24 ኩንታል ማለት ነው፣ ያውም ከአክስቴ አልጋ በላይ። ጣውላውን አስላግተን፣ ምስጥ የበላውን ተክተን፣ ቫርኒሽ ቀባነው። ከማንም ሴራሚክ ይበልጣል።

ኮርኒሱን ስናነሳ ከቺፑዱ በላይ ሌላ ኮርኒስ አገኘን። አቡጀዲ ነው፣ ተወጥሮ ነጭ የተቀባ። እናቴ ልጅ ሆና እሱን እያየች ትተኛ እንደነበር ነገረችኝ። ጨርቁ ሲነኩት ይበጣጠሳል፣ ማትረፍ አልቻልንም። በእሷ ክፍል አዲስ አቡጀዲ ወጠርንላት። መብራቱን ከጨርቁ አርቀን ጎን ላይ አደረግነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ቤቴን ላሳያችሁ ብቻ አይደለም። በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በሰበታ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሁንም አሉ። ባለቤቶቻቸው ሊያድሷቸው ብለው በሲሚንቶ እየገደሏቸው ነው፣ እንደኔ በቅን ልብ። ቤታችን በቅርስነት አልተመዘገበም። እንዲመዘገብ ጠይቄ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሻለሁ፤ ፋይሌ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ቅርስ የሆነ ቤት ያለው ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገና ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ተገቢ ነው። ግን ፈቃዱን ሲወስድ የትኛው ልስን፣ የትኛው ኮርኒስ፣ የትኛው ወለል ለቤቱ እንደሚስማማ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ይሰጠው። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም ተማሪዎቹን ወደኛ ወደ ዳር ይላክ። እናንተም ስለ ዲዛይን ስትጽፉ ከዲዛይነሩ ጎን የምርጊት ሰው አነጋግሩ።

የምርጊት ባለሙያው አባት አሁን አብሯቸው የሚሠራ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። የአክስቴን ክፍሎች ከመስቀል በኋላ ይጀምራሉ፤ ጭዱ ከወዲሁ ተገዝቶ በረንዳ ሥር ተቀምጧል። መጥቶ ማየት ወይም አብሮ መርገጥ የሚፈልግ ተማሪ ካለ አድራሻችን እናንተ ዘንድ አለ፣ ስጡት።

አንባቢያችሁ፣
ከአቃቂ