ኤሌክትሮድ በየትኛው በጀት ይገዛ?

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እና ለገንዘብ ሚኒስቴር

ክቡራን፣

በአንድ የክልል ከተማ፣ በመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የብየዳ አሠልጣኝ ነኝ። ስለ ደመወዝ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል። የምጽፈው ስለ ኤሌክትሮድ ነው፤ ስንበይድ እየቀለጠ ብረት ስለሚያጣብቀው ዘንግ።

ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ገንዘብ አልወጣም አልልም። የዊንጌት፣ የኮምቦልቻና የሆለታ ኮሌጆች በዓለም ባንክ ድጋፍ በምሥራቅ አፍሪካ የክህሎት ፕሮጀክት ታቅፈዋል። በሌሎቻችንም ግቢ ሕንፃ ይሠራል፣ ማሽን ይመጣል። ለኤሌክትሮድ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም። ብየዳ ደግሞ በማየት አይለመድም፤ ሠልጣኙ ላሜራ በስቶ፣ ኤሌክትሮድ አጣብቆ፣ ደጋግሞ አቃጥሎ ነው እጁ የሚፈታው። የእኛዎቹ ተራ ጠብቀው አንዷን ኤሌክትሮድ ለአራት ለአምስት ይካፈላሉ፤ ከዚያ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ይቀርባሉ።

«70 በመቶው ሥልጠና በድርጅት ውስጥ ነው» ይባላል። በከተማችን ያለው «ድርጅት» በርና መስኮት የሚሠራ የአንድ ሰው ቤት ነው። ባለቤቱ በራሱ ብር የገዛውን ቱቦላሬ በይዶ ለማያውቅ ልጅ አይሰጥም። እኔም ብሆን አልሰጥም።

የሚገርመው ስሌቱ ተሠርቶ መቀመጡ ነው። የምታወጡት ሥርዓተ ሥልጠና ለየሙያው የሚያስፈልገውን አላቂ ዕቃ ከሠልጣኝ ቁጥር ጋር በጥምርታ ይዘረዝራል። በጀታችን ግን የሚያዘው ያ ሰነድ ታይቶ ሳይሆን በአምናው ላይ ትንሽ ተጨምሮ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የት እንደደረሰ ገንዘብ ሚኒስቴር ከእኔ በላይ ያውቃል። ያችው ገንዘብም ጨረታ ሲጓተት ቆይቶ ሰኔ ላይ ነው ዕቃ የምትሆነው፤ ሠልጣኙ ሲወጣ ኤሌክትሮዱ ይገባል።

ኮሌጆቹ የክልል ናቸው እንደምትሉ አውቃለሁ። የክልሎች የበጀት ድጎማ ግን ከፌዴራል ነው የሚወርደው፤ የሥልጠናው ሰነድም የእናንተው ነው። እናም የሥልጠና አላቂ ዕቃ ለነዳጅና ለውሎ አበል የማይዛወር የራሱ የበጀት መደብ ይኑረው። መጠኑም ያ ጥምርታ በተመዘገበው ሠልጣኝ ተባዝቶ ይወሰን፤ የብየዳና የሂሳብ አያያዝ ሠልጣኝ ወጪያቸው እኩል አይደለም። ግዢው ሐምሌ ላይ ይጀመር። አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊትም በየኮሌጁ መለዋወጫ አጥቶ የቆመውን ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) አስቆጥሩ። የእኛን ወርክሾፕ ዝርዝር ስትጠይቁ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የብየዳ አሠልጣኝ