ላላነሳሁት ጥሪ ሁለት ሒሳብ፦ ለቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

«ትክክለኛውን የሮሚንግ ቅንብር መምረጥ የደንበኛው ኃላፊነት ነው።» መሥሪያ ቤትዎ፣ በሮሚንግ ላይ ሳለሁ (የአገር ቤት መስመሬን በውጭ አገር ኔትወርክ ስጠቀም) ላላነሳኋቸው ጥሪዎች በተጠየቅኩት ሒሳብ ላይ ያቀረብኩትን አቤቱታ ዘግቶ የላከልኝ ደብዳቤ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ የተጠቀሰ አንቀጽ ግን የለውም። ይግባኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። ቢሮ ድረስ መጣሁ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ለብቻዎ መጻፉ ካልጠቀመ ሰው ሁሉ እያየ ልጻፍልዎ።

ክርክሬ አጭር ነው። ያከሰረኝ ቅንብር እኔ እንድመርጠው ስልኬ ላይ አልተቀመጠም። የስልክ ኩባንያዬ ራሱ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ በራሱ ኔትወርክ ላይ ያስቀመጠው ነው። እርስዎም ይህን ያውቃሉ።

ወንድሜን ለሕክምና ይዤ ወደ ውጭ አገር ሄጄ ነበር። ከመነሳቴ በፊት የኩባንያውን በራሪ ወረቀት አንብቤ የታዘዝኩትን በሙሉ ፈጸምኩ። ዳታ ሮሚንግ አጠፋሁ። መተግበሪያዎች ከጀርባ ሆነው ራሳቸውን እንዳያድሱ ከለከልኩ። ሲም ካርዱን ግን ከስልኩ አላወጣሁም፤ ሐኪሞቹ የያዙት ቁጥር እሱ ነበርና። በታማሚዎች ክፍል ውስጥ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ነው የሚያዘው። ዘመድ ይደውላል፤ አላነሳም። የሥራ ባልደረባ ይደውላል፤ አላነሳም። ማታ ማታ በሆስፒታሉ ዋይፋይ ለሁሉም በጽሑፍ እመልሳለሁ። ዳታ አልተጠቀምኩም፣ ወደ ማንም አልደወልኩም፣ የማንንም ጥሪ አልተቀበልኩም።

ስመለስ የደረሰኝ ሒሳብ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። እያንዳንዱ ያላነሳሁት ጥሪ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። አንዴ «የተቀበሉት ጥሪ» ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ «ወደ አገር ቤት የደወሉት ጥሪ» ተብሎ። ደወልክበት የተባልኩት ቁጥር የማላውቀው ነበር። ሳጣራ የማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የራሱ የኩባንያው የድምፅ መልእክት ሳጥን፣ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ደዋዩ መልእክት የሚተውበት!

እርስዎ አሠራሩን ከእኔ በተሻለ ስለሚያውቁት፣ የሚከተለው ለሌላው አንባቢ ነው። ስልኬ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዘመዴ ሲደውል ጥሪው ድንበር ተሻግሮ እኔ ወዳለሁበት አገር ኔትወርክ ይመጣል። እዚያ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። «ካልተነሳ ወደ ድምፅ መልእክት ይተላለፍ» የሚለው ትእዛዝ ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ጥሪው ከውጭ አገር ተነሥቶ እንደገና ድንበር እያቋረጠ ወደ አገር ቤት ይመለሳል። የመምጫውም የመመለሻውም ዋጋ በእኔ ላይ ይጻፋል። ደዋዩ አንድ ቃል ሳይናገር ጥቂት ሰከንድ ዝምታ ብቻ ቢቀዳ እንኳ ያው ነው። አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ይስሙ። ስልኬን ጨርሼ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ፣ ኔትወርኩ እንደማልገኝ ስለሚያውቅ ጥሪው ከአገር ሳይወጣ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይገባ ነበር፤ የሮሚንግ ሒሳብ የሚባል ነገር አይኖርም። መሥሪያ ቤትዎ «ትክክለኛው ቅንብር» የሚለው ይህን ከሆነ፣ የታመመ ወንድም ይዞ በሰው አገር ስልክ መዝጋት ማለት ነው።

ጥሪ የማስተላለፉ ትእዛዝ የተሰጠው መስመሩ ሲከፈት ነው፤ የሰጠውም ኩባንያው ነው። ዳታ ሮሚንግ የሚለውን ማብሪያ ሺህ ጊዜ ቢያጠፉት ይህን ትእዛዝ አይነካውም፤ አንዱ የኢንተርኔት፣ ሌላው የድምፅ ጉዳይ ነውና። መሰረዣው አለ፦ ##004# ብሎ እንደ ጥሪ መደወል። ስልኩ ሲያዝ፣ ሳይነሳና ሳይገኝ ሲቀር የሚሠሩትን ማስተላለፊያዎች በአንድ ላይ ይሰርዛቸዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ መንገደኛ ካለ ከመነሳቱ በፊት ይሞክረው፤ በአብዛኞቹ ኔትወርኮች ይሠራል። በራሪ ወረቀቱ ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለችም። «ዳታ ሮሚንግዎን ያጥፉ፣ ካልታሰበ ወጪ ይዳኑ» ይላል፤ አለቀ። ደንበኛን የማስጠንቀቅ ሥራ ወደ እኔ የተዛወረው ከመቼ ወዲህ ነው?

የመሥሪያ ቤትዎ የቅሬታ ክፍል ሠራተኛ በበኩላቸው «ኔትወርኩን ራስዎ መርጠው ቢሆን ኖሮ» አሉኝ። ይህ ምክር ላላነሳሁት ጥሪ ምን እንደሚፈይድ አልገባኝም፤ ግን እሺ፣ እንየው። ስልክ በራስ ሰር ኔትወርክ ሲመርጥ የሚመራው ሲም ካርዱ ውስጥ በተጻፈ ዝርዝር ነው። የትኛው የውጭ ኩባንያ ይቅደም የሚለውን የሚጽፈው የአገር ቤቱ ኩባንያ ነው፤ ሲፈልግም ከርቀት ይቀይረዋል። ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ከማን ጋር በርካሽ እንደተዋዋለ ታይቶ ነው። ደንበኛው ዝርዝሩን ማየት እንኳ አይችልም። ድንበር አካባቢ የሚኖረው ሰው ደግሞ ይባስ ብሎ ከቤቱ ሳይወጣ ውጭ አገር ይገባል። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ የጎረቤት አገር የስልክ ማማ ሞገድ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ኬላም አያቆመውም። ይህ ሰው በራስ ሰር የሚለውን ትቶ ኔትወርኩን በእጅ ቢመርጥ ይድናል፤ ይህንንም የሚነግረው የለም።

ኩባንያው ሌላም ማመካኛ አለው። «የጥሪ መዝገቡ ከውጭ አገር የሚደርሰን ዘግይቶ ስለሆነ ሒሳቡ ሲበዛ አቁመን ማስጠንቀቅ አንችልም።» መሥሪያ ቤትዎም ይህን ሳይመረምር ተቀብሎታል። የቴሌኮም ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የተስማሙበት፣ የሮሚንግ ጥሪ መዝገብ ከ4 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ እንዲደርስ የሚያስገድድ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለ። ያወጡት ማጭበርበር ራሳቸውን እንዳያከስራቸው ነው። የዳታው ነገርማ ከዚህም የቀለለ ነው። መንገደኛው የሚጠቀመው ኢንተርኔት በአብዛኛው ወደ አገር ቤቱ ኩባንያ መግቢያ በር ዞሮ የሚወጣ ስለሆነ ኩባንያው ሲቆጥረው በዓይኑ እያየ ነው። ኪሳራው የእነሱ ሲሆን መዝገቡ ይፈጥናል፤ የእኔ ሲሆን ይዘገያል።

በሌላ አገር የማይቻል ነገር እየጠየቅኩ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2010 ጀምሮ በኅብረቱ ውስጥ በሮሚንግ ላይ ያለ ደንበኛ የድምፅ መልእክት ስለደረሰው ብቻ እንዳይከፍል አድርጓል። ከዚያው ቀን ጀምሮ ሌላ ገደብ ያልመረጠ ደንበኛ የዳታ ሒሳቡ፣ ታክሱ ሳይቆጠር፣ 50 ዩሮ ሲሞላ ካልፈቀደ በቀር እንዲቆም፣ 80 በመቶው ላይም ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ደንግጓል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ በኅብረቱ አገሮች መካከል ተጨማሪው የሮሚንግ ዋጋ ራሱ፣ ከጥቂት ገደቦች ጋር፣ ተነሥቷል። እነዚያ ተቆጣጣሪዎች ደንበኛው ቅንብር እንዲያጠና አላዘዙም። ኩባንያዎቹን አዘዙ።

ሒሳቡን ከፍያለሁ፤ ካልከፈልኩ መስመሩ ይቆረጥ ነበርና። የከፈልኩት ግን አምኜበት አይደለም፤ ገንዘቤ እንዲመለስ አሁንም እጠይቃለሁ። ከዚህ ሌላ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደንበኛው ድንበር እንደተሻገረ የድምፅ መልእክት ማስተላለፊያው እንዲቋረጥ ኩባንያዎቹን ያስገድዱልን፤ በራሪ ወረቀቱም እውነቱን ይጻፍ። የማይቻል ከሆነ፣ አቤቱታዬ በየትኛው አንቀጽ ውድቅ እንደተደረገ ጠቅሰው ይጻፉልኝና ወደ ፍርድ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።

ከመሥሪያ ቤትዎ ሊደውልልኝ የሚፈልግ ሰው ካለ መልእክት መተው አይችልም፤ ሳጥኑን አስዘግቼዋለሁ። እስካነሳ ድረስ ታግሦ ይደውል። እኔ የእናንተን ስልክ ስጠብቅ ቆይቻለሁ።

አቤቱታው የተዘጋበት ደንበኛ