በፌዴራል ፍርድ ቤት አብራችሁኝ ለቆማችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ዕቁብተኞች፣ የዕድር አባላት፣ ጎረቤቶቼና ደንበኞቼ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። እዚህ ቨርጂኒያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተመሥርቶብኝ የነበረው ክስ በጁሪ (ፍርዱን በሚሰጡ 12 ተራ ዜጎች) ፊት ታይቶ፣ በሁሉም ክሶች ጥፋተኛ አይደለችም ተብዬ በነጻ ተሰናብቻለሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ በአፌ ማመስገን ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ለመሆኑ የከሰሱሽ በምንድን ነው?» ብላችሁ ለመጠየቅ ይሉኝታ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ እያመሰገንኩ ነገሩንም እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ ካልታወቀ ማን ምን እንዳደረገልኝም አይታወቅም።

የዕቁባችን ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ጓዳ እንሰበሰባለን፤ እያንዳንዱ 300 ዶላር ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ጥሬ ገንዘቡን ባንክ አስገብቼ ለባለዕጣው ቼክ እጽፋለሁ። ባለፈው ዙር 36 ሰዎች ስለነበርን የሰኞው ገንዘብ 10,800 ዶላር ነበር። ዙሩ ሲያልቅ 6 ሰዎች ወጡና በአዲሱ ዙር 30 ቀረን፤ የሰኞውም ገንዘብ 9,000 ዶላር ሆነ። ክሱ የመጣው ከዚህ ነው።

በአሜሪካ ሕግ ባንኮች በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ወይም ሲወጣ ለፌዴራል መንግሥት ሪፖርት ያደርጋሉ። የሕጉ መሠረት በ1970 የወጣው የባንክ ምስጢር ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። ፎርሙን የሚሞላው ባንኩ ነው፤ እናንተ መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ አለቀ። ግብር አያስከትልም፣ ጥፋትም አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ያ ሪፖርት እንዳይሞላ ብሎ ገንዘቡን ከ10,000 በታች እየከፋፈሉ ማስገባት ነው፤ ያውም ገንዘቡ በላብ የተገኘ ቢሆንም። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስር ነው፤ በ12 ወር ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ያካተተ ተደጋጋሚ ድርጊት ነው ከተባለ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። በእኛ ሰው ዘንድ «ከ10,000 በታች አድርገሽ አስገቢ፣ ጣጣ የለውም» የሚል ምክር ሲዘዋወር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ጣጣው ራሱ ምክሩ ነው።

የዐቃቤ ሕግ ክርክር እንዲህ ነበር፦ ይህች ሴት በየሳምንቱ ፎርሙ ሲሞላ አይታለች፣ ሕጉን ታውቃለች፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ገንዘቡን ወደ 9,000 ዝቅ አድርጋ ሳምንት በሳምንት ታስገባለች፤ ይህ ከሪፖርት ማምለጥ ካልሆነ ምንድን ነው? እውነቱን ልናገርና፣ የባንኩን ወረቀት ብቻ ለሚያይ ሰው ያሳምናል። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። እንግዲህ የመታሰሬና የመፈታቴ ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፦ 6 ሰዎች ከዕቁባችን ለምን ወጡ?

የመጀመሪያው ምስጋናዬ በሱቄ ለምትሠራው ልጅ ነው። መርማሪዎቹ ድንገት የመጡ ቀን እኔ እንግዳ መጣ ብዬ ወንበር እያቀረብኩ፣ ቡና ልቅዳላችሁ ስል፣ እርሷ በትሕትና «ከጠበቃ ጋር ሆነን እንመልሳለን፤ ካርዳችሁን ተዉልን» አለቻቸው። ነርስነት የምትማር ልጅ ናት፣ ሕግ አይደለም። በኋላ ጠበቃዬ እንዳስረዳችኝ፣ ለፌዴራል መርማሪ አውቆ የተነገረ ሐሰት፣ ቃለ መሐላ ባይኖርም እንኳ፣ ለብቻው እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በእኔ እንግሊዝኛ «የማን ገንዘብ ነው?» ስባል «የእኔ ነው» ብል፣ የያዝኩት እኔ ነኝ ማለቴ እንደሆነ ማን ይረዳልኛል? ዝም ማለት ግን መብት ነው፤ ማንም አይቀጣበትም። ልጄ፣ ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገርሽ ምን ያህል ውለታ እንደዋለችልኝ አንቺም አታውቂውም።

ቀጥሎ ጠበቆቼን አመሰግናለሁ። ፍርድ ቤቱ የመደበልኝ ተከላካይ ጠበቆች እንደሆኑ ስናገር ስንቶቻችሁ ፊታችሁን እንዳጠቆራችሁ አስታውሳለሁ። «መንግሥት ከስሶ መንግሥት ጠበቃ ከሰጠሽ ምን ተረፈሽ?» ያለኝ ሰው አለ፣ ስሙን አልጠራም። በ1964 የወጣ ሕግ አለ፤ በፌዴራል ወንጀል ተከስሶ ጠበቃ የማቆም አቅም የሌለው ሰው ጠበቃ ብቻ ሳይሆን መርማሪና ባለሙያም ጭምር በመንግሥት ወጪ እንዲያገኝ ያደርጋል። ገቢዬንና ዕዳዬን በመሐላ ሞልቼ አስገባሁ፣ ተፈቀደልኝ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ጠዋት ማታ የፌዴራል ክስ ነው። ጠበቃዬ የዕቁብን ሥርዓት ከእኔ አፍ ሰምታ አልረካችም፤ አንድ እሑድ መጥታ ጓዳዬ ቁጭ ብላ ዕጣ ሲወጣ አይታለች። ዕጣው የወጣላቸው እናት ሲያለቅሱ እርሷም ዐይኗን ስትጠርግ ያያት አለ።

ክሱ የጸደቀው ግራንድ ጁሪ በሚባለው ጉባኤ ነው። ከ16 እስከ 23 ሰዎች ይቀመጣሉ፤ 12ቱ ከተስማሙ ክሱ ይቀጥላል። እዚያ ተከሳሽ የለም፣ ጠበቃውም የለም፤ የሚሰማው የዐቃቤ ሕግ ወገን ነው። ይህን የምነግራችሁ ክስ ተጻፈ ማለት ጥፋት ተረጋገጠ ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ የገባው ሰው ጥቂት ስለነበር ነው። ባንኩ ምክንያቱን ሳይነግረኝ ሒሳቤን ዘጋ። ከደንበኞቼም እግራቸው የጠፋ ነበሩ፤ ተቀይሜ ነበር፣ አሁን ወጥቶልኛል። እንደ ወትሮው እንጀራና በርበሬ እየገዛችሁ፣ መልሱን «ይቅር» እያላችሁ የወጣችሁትን ግን አንድ በአንድ አውቃችኋለሁ።

ከዳኛው ፊት በቀረብኩ ዕለት ከነቤታቸው ዋስ ሆነው ለፈረሙልኝ ለባሌ ታላቅ ወንድምና ለጎረቤታችን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ናቸው፤ ስለ ዕቁብ ሰምተውም አያውቁ። እኔ ብጠፋ ዕዳው በእነርሱ ላይ ይወድቅ ነበር። ፓስፖርቴን አስረክቤ፣ ያለ ፈቃድ ከአካባቢው እንዳልወጣ ታዝዤ ተለቀቅሁ። ወንድሜ ደሴ ላይ ያረፈው በዚያ መካከል ነው። መሄድ አልሆነልኝም። መርዶውን በማለዳ መጥታችሁ ያረዳችሁኝ፣ ድንኳን የሌለበትን ለቅሶ በአፓርታማዬ ሳሎን ያደመቃችሁልኝ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን ጭናችሁ ያመጣችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ከመስጊድ ሰዎች ይዘው መጥተው ያጽናኑኝን የዕቁባችንን አባት አልረሳም።

ከዚያ ድርድር መጣ። በአንዱ ክስ ጥፋተኛ ነኝ ብል ዐቃቤ ሕግ እስር ላይጠይቅ ይችላል ተባለ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሚከሰሱት ከመቶ ዘጠና ያህሉ ጥፋተኛ ነኝ ይላሉ፤ ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ተከራክሮ መሸነፍ ብዙ ጊዜ የከበደ ቅጣት ያመጣል፤ በአመክሮ መውጣት ደግሞ በ1984ቱ ሕግ ከፌዴራል እስር ቤት ቀርቷል። ጠበቃዬ ግን አንድ ነገር ሳታስረዳኝ እንዳልመልስ ከለከለችኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ፣ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የእምነት ቃሉ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚያስከትለውን መንገር አለበት። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠርታ በአስተርጓሚ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የእምነት ቃል ሲሰጥ ዳኛው በመሐላ «አድርገሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴን «ምን ልበል?» ስለው «ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ ብለሽ አትማዪ፤ ቤቱን እኔ እይዛለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። አንተዬ፣ በሰው ፊት ማመስገን እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ዛሬ ቻለው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። የዕቁባችን ጸሐፊ ምን ያህል ጥንቁቅ እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ባለ ካሬ ደብተር፣ ሰማያዊ ብስክሪብቶ፣ ያልከፈለ በቀይ። ዳሩ በበርበሬ የቀላው ያ ደብተር የመከላከያ ማስረጃ የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ፍርድ ቤት ገባ። ችግሩ ቀኑ ነበር። ጸሐፊያችን የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከባንኩ መዝገብ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ ትርጉሙን ያየው ወገን «ይህ የድሮ ደብተር ነው፣ ለዚህ ጉዳይ የመጣ ሽፋን ነው» ብሎ ነበር። ያኔ መሪጌታችን መነጽራቸውን አድርገው፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉበትን ጥበብ ለእኔ ጉዳይ አዋሉት። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 እንደሚውል፣ ከፈረንጆቹ ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚሆንበት) በፊት ባለው ዓመት ደግሞ በ12 እንደሚውል፣ ጳጉሜን አንዳንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን እያሳዩ፣ እሑዱን ሁሉ ከእሑድ አገናኝተው ሠንጠረዥ ሠሩ። ሁለቱም ወገኖች አይተው ስለተስማሙበት ለጁሪው ያለ ክርክር ቀረበ። እያንዳንዱ እሑድ በማግሥቱ ካለው የባንክ ደረሰኝ ጋር ልክ ገጠመ።

ደብተሩ 6 ሰዎች እንደወጡ ያሳያል፤ ለምን እንደወጡ ግን አይናገርም። ያን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ባልና ሚስቱ ቤት ሲረክስላቸው ኮሎምበስ ሄደው ነበር፣ ከዚያ መጡ። የከባድ መኪና ሾፌሩ ከዳላስ መጣ። ልጃቸው ዘንድ ሚኒያፖሊስ የገቡት አባት በምርኩዝ መጡ። ከሲያትል የመጣችው እህቴ የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና አላለቀም፤ ለራሷ ጠበቃ ተነግሯት፣ መቅረት እንደምትችል እያወቀች፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በር ለእንደ እርሷ ያለ ሰው እጅግ ከባድ ቢሆንም፣ መጥታ ማለች። መስቀለኛ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። «ተከሳሿ ውጪ ብላሽ ነው የወጣሽው?» ሲሏት «ማንም ውጪ አላለኝም፤ ሥራ ያገኘሁት እዚያ ነው» አለች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ።

ስድስተኛው ከቤቴ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ የሚኖር ወዳጃችን ነው። እርሱ የወጣበትን ምክንያት 12 የማያውቃቸው ሰዎች ፊት ሊናገር ሲነሣ ላብ አጠመቀው። ጸሐፊያችን በማርፈዱ መቀጮ ስለጣሉበት ተኳርፎ ነው የወጣው! በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲነገር ከጁሪዎቹ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ጸሐፊያችን ምስክር ስለነበሩ ውጭ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው አልሰሙም፤ በኋላ ሲነገራቸው «መቀጮውም ገና አልተከፈለም» አሉ። አሁን ታርቀዋል፤ ያስታረቅኳቸውም እኔ ነኝ።

አስተርጓሚያችንንም ላመስግን። በሥራዋ ሕግ ምክንያት ከችሎት ውጪ ከእኔ ጋር ማውራት፣ ቡናዬንም መጠጣት አልቻለችም፤ ይህ ምስጋና ቢደርሳት ደስ ይለኛል። ጁሪዎቹን ስማቸውን አላውቅም። ደብተሩን ይዘው ለምክር ገቡ፤ የ12ቱም ድምፅ አንድ መሆን ነበረበት፤ አንድም ሆነ። በነጻ ከተለቀቁ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለት ስለማይችል፣ «ሌላ ይመጣብሽ ይሆን?» ብላችሁ የምትሰጉ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተረጋጉ።

ስለ ተዋጣው ገንዘብ፦ የምስክሮቹን የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ስለሚሸፍን ከእናንተ ገንዘብ ለዚያ አልወጣም። የወጣው ሱቁ በተዳከመባቸው ወራት ለኪራይና ለመብራት ነው፤ ደረሰኙ ሁሉ አለ። የተረፈውን በመጪው እሑድ ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ አስረክባለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ጸሐፊያችንን ይጠይቅ፤ በአዲስ ደብተር አስፍረውታል፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ፓስፖርቴም ስለተመለሰልኝ ለወንድሜ ተዝካር ደሴ እሄዳለሁ፤ እስክመለስ ሱቁን ልጅቱ ትይዛለች፣ ዱቤ ግን እንዳትጠይቋት።

አክባሪያችሁ፣
የዕቁባችሁ ገንዘብ ያዥ