ስለ ምክር ቤት አበል፣ ለማኅበራችን አባላት
ጤና ይስጥልን፣ ወንድሞችና እህቶች።

ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚቸረችሩ እናታችን የግብር ደረሰኛቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ ብር የት ይገባል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

የወረዳ ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ በምክር ቤት አባልነታቸው ደመወዝ የላቸውም። ለጉባኤ ሲጠሩ ግን የውሎ አበል ይታሰብላቸዋል። እዚህ ጎጃም ውስጥ ከዓባይ በረሃ ጥግ ተነሥቶ በእግሩ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ይገባዋል፤ ማንም አይንፈገው። የሚያሳዝነኝ በአንድ ቀን የሚያልቅ ስብሰባ ሦስት ቀን ሲንዛዛ ነው። ያ ሁሉ አበል በተሰብሳቢው ቁጥር ይባዛል። የሚወጣው ደግሞ ከእኛው ግብር ነው።

የወረዳውን በጀት የሚያጸድቀው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ የአበሉ ወጪ ተለይቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ በደብዳቤ እንጠይቃለን። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለፊርማ እንገናኝ፤ እባካችሁ እንዳትቀሩ።