የተጎዳ ሯጭ መርማሪ ሲሆን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ በጉዳት ከውድድር የወጣ ሯጭ መርማሪ ሆኖ ሲመጣ ደስ ይለናል። ጉዳቱ ግን በሁለተኛው ምዕራፍ ይረሳል። የአኪለስ ጅማቱ (ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ጅማት) የተበጠሰበት ሰው ከኋላው በእርግጫ የተመታ ይመስለዋል። በሆዱ ተኝቶ ባቱ ሲጨመቅ የጤነኛው እግር ጫፍ ወደ ታች ይሳባል፤ የተበጠሰበት ግን ዝም ይላል። ከዳነም በኋላ ባቱ ሊሰልና በዚያ እግር ብቻ ተረከዝ አንስቶ መቆም ሊያቅተው ይችላል። ታዲያ ነፍሰ ገዳዩን ደረጃ ለደረጃ እንዴት ያባርራል?

ይልቅ ደራሲዎች ሆይ፣ የጡንቻ እውቀቱን ተጠቀሙበት። ሬሳ ግትር ብሎ መድረቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከመንጋጋና ከፊት ነው፤ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካሉን ይይዛል። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ሮጦ ወይም ታግሎ ከነበረ የጡንቻው ጉልበት አስቀድሞ ስለሚያልቅ ቶሎ ይደርቃል። ሙቀትም ያፋጥነዋል። ይህን ያልቆጠረ መርማሪ የሞቱን ሰዓት ከእውነተኛው ያስቀድምና ንጹሕ ሰው ይጠረጥራል። የሯጩ መርማሪ ብልጫ እዚህ ላይ ይታይ። ሬሳውን ግን ራሱ አያገላብጥ፤ ማስረጃ ይበላሻል።

የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢዎች