የሚያጉረመርመው ፊልሙ ነው ወይስ ስፒከሩ?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የፊልም ክበቦች ለአስፈሪና ለሙከራ ፊልሞች ምሽት ፕሮጀክተርና ስፒከር ሲከራዩ፣ ብዙ ጊዜ «ድምፁ ያጉረመርማል፤ ምስሉም ግራና ቀኙ ባዶ ነው» ብለው ይደውሉልናል። በእነዚህ ፊልሞች ላይ ብልሽት የሚመስለው አብዛኛው ነገር ዳይሬክተሩ አስቦበት የሠራው ነው። መሣሪያው እንዳያጠፋባችሁ ከትርኢቱ በፊት እነዚህን አስተካክሉ።

ከድምፅ እንጀምር። ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1977 ለእይታ ባበቃው «ኢሬዘርሄድ» ውስጥ የፋብሪካና የእንፋሎት የሚመስል ጉርምርምታ አይቋረጥም ማለት ይቻላል። ሊንችና የድምፅ ባለሙያው አለን ስፕሌት አንድ በአንድ የገነቡት ነው፤ ፊልሙን ያለ እሱ ማየት ግማሹን እንደ መተው እንቆጥረዋለን። ለመለየት ፊልሙን ፖዝ አድርጉት። ጉርምርምታው ከቆመ የፊልሙ ነው፤ ከቀጠለ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ላፕቶፑና ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ከተለያየ ሶኬት ኤሌክትሪክ ሲወስዱ በምድር ሽቦው በኩል የ50 ኸርዝ ድምፅ ይገባል። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ካልጠፋ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ፤ ያኔ ከጠፋ ደውሉልን፣ ለድምፅ ገመዱ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ድምፁን አሳልፎ በምድር ሽቦው የሚገባውን ጉርምርምታ የሚያግድ መሣሪያ) እንልካለን። የምድር እግሩን ከሶኬት መንቀል ወይም መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል፤ ፈጽሞ አታድርጉት።

«ናይት ሞድ» የሚባለውንም አጥፉት። ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ስለሚያደርግ ሹክሹክታና ጩኸት እኩል ይሆናሉ፤ በአስፈሪ ፊልም ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። የሺንያ ትሱካሞቶን «ቴትሱዎ» (1989) የምታሳዩ ከሆነ ድምፁን በመግቢያው ሳይሆን የብረት ምቱ በሚያይልበት ቦታ ለኩ።

ወደ ምስሉ ስንመጣ፣ «ቴትሱዎ» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ነው። የተዋናዮቹ ዝልል ዝልል የሚል እንቅስቃሴ ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም አንድ በአንድ ምስል፣ እየቆመ ስለተነሣ ነው የመጣው። «ሞሽን ስሙዚንግ» ካልጠፋ ፕሮጀክተሩ በፍሬሞቹ መካከል የራሱን ምስል እየፈጠረ ያንን ዝላይ ያለሰልሰዋል። «ኖይዝ ሪዳክሽን»ም ይጥፋ፤ በፊልሙ ላይ በተፈጥሮ የሚታዩትን ደቃቅ ነጠብጣቦች ቆሻሻ መስሎት ያጥባል፣ ፊቶችም ሰም ይመስላሉ።

ቁመትና ወርዱን አትለጥጡ። የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) የወርዱና የቁመቱ ምጥጥን 1.37 ለ 1 ነው። 3 ሜትር ወርድ ባለው ባለ 16 በ9 ሸራ ላይ ምስሉ 2.31 ሜትር ያህል ይይዛል፤ በየጎኑ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥቁር ይቀራል። ትክክሉ ይህ ነው። «ዙም» ካደረጋችሁት ከላይ ራስ፣ ከታች እጅ ይቆረጣል።

በዚሁ ፊልም ቅጂውንም ምረጡ። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ስለወጣ አሜሪካ ውስጥ ማንም ያባዛው ጀመር፤ ከተዳከሙ ቅጂዎች የተባዛ ደብዛዛ ምስል ዓለምን የሞላው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዋናው የካሜራ ኔጌቲቭ (በቀረጻው ጊዜ ካሜራው ውስጥ ከነበረው ፊልም) የታደሰው ግን ጥቁሩም ነጩም ጥርት ያለ ነው። ደብዛዛ ቅጂ በእጃችሁ ካለ ብርሃን በመጨመር አይድንም፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል እንጂ።

በመጨረሻም «ቴትሱዎ» ፈጣን የብርሃን ብልጭታ ስላለበት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ተመልካቾች ማስጠንቀቂያ በማስታወቂያችሁም በበሩም ላይ ጻፉ። ፊልሙ ለልጆች አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመሣሪያ ኪራይ ክፍል